እንፋሎቱ አልነበረም

ወንድሜን ጓያ የሰበረው በፍልሰታ ጾም ነው። ከዚያ ቀደም ባለው ዓመት ክረምት የርብ ወንዝ ሞልቶ ሜዳውን አለበሰው፤ ጤፉም ዳጉሳውም ውሃ ውስጥ በስብሶ ቀረ። ውሃው ሲሸሽ በጭቃው ላይ ተዘርቶ የበቀለው ጓያ ብቻ ነበር። ጓያ እንዲህ ነው፤ ውሃም ድርቅም አይበግረውም፤ ሌላው እህል ሲከዳ እሱ አይከዳም። መንደራችን ቁሐር ሚካኤል ያለው ሰው ሁሉ የተረፈችውን ጥቂት ጤፍና ገብስ ቀድሞ በላ። ሰኔ ሲገባ በየጎታው የቀረው ጓያ ብቻ ሆነ። ጠዋት የጓያ ቂጣ፣ ቀን የጓያ ንፍሮ፣ ማታ ደግሞ የጓያ ቂጣ በጓያ ሽሮ። ላሞቹ ይታለባሉ፤ ጾም ስለሆነ ግን ወተቱን የሚቀምሱት ሕፃናት ብቻ ናቸው።

ወንድሜ ያኔ ሃያ ስድስት ዓመቱ ነበር። ከቤታችን ሰው ሁሉ ጉልበተኛው እሱ ስለሆነ ብዙ የሚሠራውም ብዙ የሚበላውም እሱ ነው። ያን ቀን ዝናብ እየመታው፣ ከማሳው ውሃ የሚያወጣ ቦይ ሲቆፍር ዋለ። ሲመሽ ልብሱ ገላው ላይ ተጣብቆ ገባና ምድጃው አጠገብ ቁጭ አለ። ሚስቱ ንፍሮ ጥዳ ነበር። ድስቱን ከፍታ አማሰለች፤ እንፋሎቱ ወጣ። እራታቸውን በልተው ተኙ።

በማግሥቱ ከመደቡ ሊነሣ ሲል ጉልበቱ አልዘረጋ አለው። "እግሬን ማን አሰረው?" አለ። ቤት ያሉት ቀልድ መስሏቸው ሳቁ። ሊቆም ሲሞክር ተረከዙ መሬት አልነካ አለ፤ አንዱ እግሩ በሌላው ላይ ተጠላለፈና በፊቱ ተደፋ።

እኔ በዚያን ጊዜ ወረታ ክሊኒክ ድሬሰር ነበርሁ። ቁስል አጥባለሁ፣ መርፌ እወጋለሁ፣ የወባ ክኒን እሰጣለሁ። መልእክት ደርሶኝ ጭቃውን እያቋረጥሁ ስሄድ በልቤ ወባ ነው ብዬ ነበር። ስደርስ ትኩሳት የለውም። እግሩን ስቆነጥጠው ያመዋል፤ ጣቶቹንም ያንቀሳቅሳል። መሄድ ግን አይችልም። ሰው ዙሪያዬን ከቦ አፍ አፌን ያያል። የማውቀው ነገር እንደሌለ እንዳይታወቅብኝ ቦርሳዬን ከፍቼ አስፕሪን ሰጠሁት።

የሰፈሩ ሰው ግን ያወቀ መስሎት ነበር። በእኛ አገር ጓያ የሚሰብረው በእንፋሎቱ ነው ይባላል። ላብ ያጠመቀው ወይም ብርድ የመታው ሰው አጠገብ የጓያ ድስት ከተከፈተ እንፋሎቱ እግሩን ይይዘዋል፤ ገለባው ላይ የተኛም ይሰበራል ይላሉ። ስለዚህ ሰው ሲገባ ድስት ይከደናል። የወንድሜ ሚስት ግን ከፈተች። ፍርዱ እዚያው አለቀ።

ጠበሉም ተሞክሮ፣ ሁለት ወር አልፎ፣ ወንድሜ በሁለት ምርኩዝ መንቀሳቀስ ሲጀምር ሽማግሌዎች ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጭ ካለው ዋርካ ሥር ተቀመጡ። አባቴ "ልጄን ያሰናከለች ሴት ልጄን አትጦርልኝም፤ ትሂድልን" አሉ። እሷ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ቆማለች። ከተጋቡ ሁለት ዓመት ቢሆናቸው ነው፤ ልጅ አልነበራቸውም።

"ድስት ከፍቶ ማማሰል ዛሬ ተጀመረ ወይ?" አለች። "በየቤታችሁ ይከፈት የለም? ለምን እናንተ ቤት ሰው አልተሰበረም?"

ጥያቄዋ ጥሩ ጥያቄ ነበር። ዛሬ ሳስበው፣ በኋላ በሽታውን ሊያጠኑ በጂፕ የመጡ ሰዎች የጠየቁትን ቀድማ የጠየቀች እሷ ናት። ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ የደብሩ ቄስ፣ ግን እሷን ትተው ወደ እኔ ዞረው፦

"ልጄ፣ አንተ የተማርኸው፣ ሐኪም ቤት የምትውለው፣ ምን ትላለህ? እንፋሎቱ ነው አይደለም?" አሉኝ።

አላውቅም ማለት እችል ነበር። አንድ ቃል ነው። አባቴ ያዩኛል፤ ሽማግሌዎቹ ያዩኛል፤ የመንግሥት ደመወዝተኛ ሆኜ፣ የቆዳ ቦርሳ ይዤ፣ አላውቅም ማለት ሞት መሰለኝ።

"እንፋሎቱ ነው" አልሁ።

ዕለቱን ልብሷን በአንድ ጨርቅ ቋጥራ ወደ አክስቷ፣ ወደ አንበሳሜ ሄደች። ወንድሜ ደጃፉ ላይ ተቀምጦ እስክትርቅ ድረስ አያት። እሱም ቃል አልተናገረም።

በሁለተኛው ዓመት፣ ጥር ላይ፣ ሦስት ፈረንጆች የጓያን በሽታ ሊያጠኑ በጂፕ መጡ። ከክሊኒኩ ኃላፊ ቀጥሎ እንግሊዝኛ የምሰማው እኔ ስለነበርሁ አስተርጓሚ ሆኜ ተላክሁ። ቁሐር ሚካኤል ስንደርስ የተሰበሩትን ሁሉ አሰባሰብንላቸው። ወንድሜን ሱሪውን እስከ ጭኑ አስጠቅልለው በሰው ሁሉ ፊት ወዲያና ወዲህ አስኬዱት። ደግመው አስኬዱት። ጉልበቱን በትንሽ መዶሻ መቱት። ደም ቀዱለት። ፎቶግራፍ አነሡት። ያን ያህል ሰው እያየው ሲሄድ ከተሰበረ ወዲህ የመጀመሪያው ነበር፤ ግንባሩ ላይ ላቡ ሲወርድ አየሁት።

ሴቶቹንም ጠየቋቸው። ስንት ወር በላችሁ? ትዘፈዝፋላችሁ? የተቀቀለበትን ውሃ ትደፋላችሁ ወይስ ትጠጣላችሁ? ከሌላ እህል ጋር ትቀላቅላላችሁ? እናቴ ለሁሉም በትዕግሥት መለሰች፤ ከጎታዋም ጓያ በቁና ሰፍራ ሰጠቻቸው። ሊሄዱ ሲሉ ወንድሜ ጠራኝ።

"ምን አገኛችሁ በልልኝ" አለኝ።

ጠየቅሁለት። በዕድሜ የገፋው ፈረንጅ የወንድሜን ትከሻ መታ መታ አደረገና ውጤቱን እንልካለን አለ።

"ይልኩልናል" አልሁት።

"ለኛ?"

"አዎ፣ ለእናንተ።"

ከዚያ ወዲያ በየገበያው ቀን ከወረታ የሚመለሰውን ሰው ሁሉ "ወረቀቱ መጣ ወይ?" እያለ ይጠይቅ ነበር። እኔ በሄድሁ ቁጥር ከሰላምታ በፊት የሚጠይቀኝ እሱን ነው። ዓመት ጠየቀ። ከዚያ መጠየቁን ተወው።

ወረቀቱን ያገኘሁት እሱ መጠየቅ ከተወ ከስድስት ወር በኋላ ነው። ከጎንደር ተቆጣጣሪ ይመጣል ተባለና ኃላፊው የቁም ሣጥኑን ቁልፍ ሰጥቶ "አቧራውን አራግፍ፣ መዝገቦቹን ደርድር" አለኝ። ከታችኛው መደርደሪያ፣ ከክትባት መዝገብ ሥር፣ ግራጫ ልባስ ያለው ቀጭን መጽሐፍ አወጣሁ። ስገልጠው የቆመ ሰው ፎቶግራፍ አየሁ። የሰውየው ዓይን ማንነቱ እንዳይታወቅ በጥቁር ተሸፍኗል። እግሩን ግን ዓይኔን ጨፍኜም አውቀዋለሁ። ግራው በቀኙ ላይ የተጠላለፈ፣ ተረከዙ ከመሬት የተነሣ፣ ከኋላው የእናቴ ቤት አጥር።

ልባሱ ላይ የክሊኒኩ ማኅተም ነበር፤ ገቢ የተደረገበት ቀን ከዓመት በላይ ሆኖታል። ከማኅተሙ ሥር ያለው ፊርማ የእኔ ነው።

ትዝ አለኝ። ወባ የበረታበት ሰሞን ነበር። በሽተኛ እስከ መንገዱ ተሰልፎ፣ ፖስታውን ከፍቼ፣ እንግሊዝኛ መሆኑን አይቼ፣ ማኅተም መትቼ ኃላፊው ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥሁት። አንድ ገጽ እንኳ አልገለጥሁም። ወንድሜ ከሰላምታ በፊት ሲጠይቀኝ "አልመጣም" እያልሁ የመለስሁለት ወረቀት ከተቀመጥሁበት ወንበር በስተጀርባ፣ ሁለት ክንድ በማይሞላ ርቀት፣ ተቆልፎበት ነበር።

ይዤው ወደ ኃላፊው ገባሁ።

"ይህን አይተውት ያውቃሉ?" አልሁት።

ገለጥ ገለጥ አደረገው። "የነዚያ ፈረንጆች ሪፖርት ነው። ምን ሆነ?"

"የመጣው ለገበሬዎቹ ነው። ለምን አልነገርናቸውም?"

"ለገበሬ? በእንግሊዝኛ?" ሳቀ። "ሪፖርት ለባለሙያ ነው ወንድሜ። ገበሬ ምን ያደርግለታል? ንገር የሚል ትእዛዝም አልመጣልኝም።"

"እዚህ ላይ ያለው ወንድሜ ነው።"

ፎቶግራፉን ትንሽ አየው። "እንግዲህ ለሳይንስ ጠቅሟል" አለና መለሰልኝ።

ይህን ሰው ክፉ ነበር ብዬ ብጽፍ ደስ ይለኝ ነበር። ክፉ አልነበረም። ምጥ ለያዛት ሴት ክረምት ከበጋ በበቅሎ የሚሄድ ሰው ነው። ያናደደኝም ይኸው ነው። ክፉ ሰው ቢቆልፈው የምጠላው ሰው አገኝ ነበር። ማንም ሳይከፋ፣ ማንም ሳይዋሽ፣ የሰው ኑሮ የሚያተርፍ ነገር አቧራ ለብሶ ይቀመጣል።

መዝገበ ቃላት ይዤ ለሁለት ሳምንት፣ ከምሳ በኋላ በሽተኛ በሚቀንስበት ሰዓት፣ አነበብሁት። ብዙው አልገባኝም። የገባኝ ግን ይበቃ ነበር። በሽታው የሚመጣው ጓያን ዋና ምግብ አድርጎ ለወራት ሳያቋርጡ ከመብላት ነው። ከሌላ እህል ጋር እየቀላቀለ የሚበላ ሰው የሚሰበረው ከስንት አንዴ ነው። ዘፍዝፎና ቀቅሎ ውሃውን መድፋት በጓያው ውስጥ ያለውን መርዝ ይቀንሰዋል። ከሁሉ የሚጠቃው ከባድ ሥራ የሚሠራ ጎልማሳ ወንድ ነው። መጨረሻው አካባቢ ስለ እንፋሎቱ አንድ ዓረፍተ ነገር አለች። የአገሬው ሰው እንዲህ ብሎ ያምናል፣ እምነቱን የሚደግፍ ነገር ግን አላገኘንም ትላለች። እንደ እንግዳ ወግ ነው ያስገቧት። በዚያ ወግ አንዲት ሴት ከትዳሯ እንደተባረረች አያውቁም፤ አልጠየቁም። አስተርጓሚያቸው እኔ ነበርሁ፤ እኔም አልነገርኋቸውም።

እስከ ሐሙሲት በጭነት መኪና፣ ከዚያ አንበሳሜ ድረስ በእግሬ ሄድሁ። አክስቷ ቤት ደጃፍ ላይ ተቀምጣ ሽንብራ ስትለቅም አገኘኋት። ስታየኝ አልተነሣችም።

"ሞተ?" አለች።

"አልሞተም። አንድ ነገር ላነብልሽ መጥቼ ነው።"

የእንፋሎቱን ዓረፍተ ነገር አነበብሁላት። በአማርኛ ብቻ ነበር ያነበብሁት። "እነሱ በጻፉት ቋንቋ አንብበው" አለችኝ። አነበብሁ። አንድም ቃል አልገባትም፤ ግን እስክጨርስ ድረስ ከንፈሬን ታይ ነበር። "አሁን በኛ ድገመው" አለች። ደገምሁት።

ሰፌዷን አስቀምጣ፦ "ያን ቀን ዋርካው ሥር ሲጠይቁህ ምን ነበር ያልኸው?" አለች።

"ታውቂዋለሽ።"

"አውቀዋለሁ። ካንተ አፍ ልስማው።"

"እንፋሎቱ ነው አልሁ።"

"ታውቅ ነበር?"

"አላውቅም ነበር።"

"አለማወቅህን ታውቅ ነበር?"

"አውቅ ነበር።"

እግሯ ሥር ልወድቅ ስል በእጇ ከለከለችኝ። "ተነሥ! እዚህ ማንም በሌለበት ብትወድቅ ምን ይበጀኛል? ያን ጊዜ የተናገርኸው በሰው ፊት ነው። በዚያው ቦታ፣ በዚያው ሰው ፊት ተናገር። እኔም እቆማለሁ።"

በሚቀጥለው ሳምንት ከቅዳሴ በኋላ ቁሐር ሚካኤል ሰው ሳይበተን ተናገርሁ። ስጀምር እንደ ተማረ ሰው ነበር የጀመርሁት፤ ወረቀቱን ከፍ አድርጌ ይዤ፣ መርዝ፣ ነርቭ፣ ጥናት እያልሁ። ሰው እርስ በርሱ መነጋገር ጀመረ። ከሴቶቹ ወገን የእሷ ድምፅ መጣ፦ "ስለ እኔ ያልኸውን ተናገር!" ያኔ ወረቀቱን አጥፌ ኪሴ ከተትሁና "እንፋሎቱ አልነበረም። ሳላውቅ ነው የተናገርሁት። ይህች ሴት የሠራችው ጥፋት የለም" አልሁ።

እናቴ እዚያው መሬት ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች። አባቴ መሬት መሬት እያዩ ቀሩ። ቄሱ ግን በግልጽ ተናገሩ፤ "እኛም ሳናውቅ ፈርደናል" ብለው ወደ እሷ ራሳቸውን ዝቅ አደረጉ።

ወንድሜ በምርኩዞቹ ሰዉን እየከፈለ ወደ እኔ መጣ። ያቅፈኛል ብዬ ነበር።

"መቼ ነው ይህ የመጣው?" አለኝ።

ነገርሁት።

"መጠየቁን እስክተው ድረስ ሳልጠይቅህ የቀረሁበት ቀን አለ?"

"የለም።"

በአንዱ ምርኩዝ ደረቴን ገፋኝና ወደ እሷ ዞረ። ምን እንዳላት አልሰማሁም። እሷ ስትመልስለት ግን ሰማሁ፤ በንዴት ሳይሆን ቀስ ብላ ነው የተናገረችው፦ "ስሄድ አይተኸኛል። ቃል አልወጣህም። አዝንልሃለሁ፤ አልመለስም።" አልተመለሰችም።

ከዚያ አንድ ሽማግሌ ገበሬ ተነሥተው የጠየቁኝ ጥያቄ ነው መላ ያሳጣኝ። "ጥሩ፤ ጓያ ብቻውን አትብሉ አልኸን። ነሐሴ ላይ ሌላ እህል ከየት አምጥተን ነው የምንቀላቅለው? ወረቀቱ ይህን ይላል?" ወረቀቱ ይህን አይልም። እነዚያ ሰዎች ደም ቀድተው፣ እግር ለክተው፣ ባሕር ተሻግረው ሲሄዱ ነሐሴን ይዘውት አልሄዱም።

መልሱን ያገኘችው እሷ ናት። ወደ አንበሳሜ ከመመለሷ በፊት ወደ እናቴ ጓዳ ገብታ ጎታዎቹን አየች። "ጥፋታችን እዚህ ነው" አለች። "ደጉን እህል ከጥር ጀምረን ቀድመን እንጨርሳለን፤ ጓያውን ለክረምት እንተወዋለን። ገና ከመከር ጀምሮ እንቀላቅለው። ሦስት እጅ ገብስ ወይ ጤፍ፣ አንድ እጅ ጓያ። ያኔ ነሐሴ ሲደርስ ጓያው ብቻውን አይቀርም።" እናቴ "ብዙ ውሃ ቀድቶ መዘፍዘፉስ?" አለቻት። "እሱን ወንዶቹ በአህያ ያምጡ፤ የሚሰበረው የነሱ እግር ነው" አለች። ሴቶቹ ሳቁ፤ እንደ ቀልድ ግን አልተዉትም።

በኋላ ወረታ ቤት ተከራይታ ገበያ ላይ ሽሮ መሸጥ ጀመረች። ጓያዋ አንድ ቀን ተዘፍዝፎ፣ ውሃው ተደፍቶ፣ በፀሐይ ደርቆ፣ ከሽንብራ ጋር የተፈጨ ነው። ዱቄት ለገዛት ሁሉ እንዴት እንደምትሠራው ትናገራለች፤ ላልገዛትም ትናገራለች። ከመርዝም ከነርቭም አትጀምርም። "ባልሽን ትወጅዋለሽ?" ብላ ነው የምትጀምረው። እኔ በአንድ ዓመት ክሊኒክ ውስጥ ካስረዳሁት ሰው እሷ በአንድ ገበያ ቀን የምታስረዳው ይበልጥ ነበር። አስፈላጊውን ሁሉ በአንድ ገጽ አማርኛ ጽፌ በየቤተ ክርስቲያኑ ይነበብ ብዬ ለበላይ መሥሪያ ቤት ላክሁ። ጉዳዩ ለሚመለከተው ክፍል ተመርቷል የሚል መልስ መጣልኝ። ሁለተኛ ደብዳቤ ጻፍሁ። እሱም ተመራ። ሦስተኛውን ስጽፍ ኃላፊው ጠርቶ፣ ከቦታዬ ሊያስነሣኝ እንደሚችል በወዳጅነት መከረኝ። ገጿን በእጄ እየገለበጥሁ ለማውቃቸው ቄሶች አደልሁ፤ ከርብ ማዶ ለማላውቃቸው ግን አልደረስሁም።

ከሁለት ዓመት በኋላ ጎርፉ እንደገና እህሉን በላው። በተከታዩ ክረምት በቁሐር ሚካኤል አዲስ የተሰበረ ሰው አላየሁም። ነሐሴ መጨረሻ ላይ ግን አንድ አባት ሁለት ልጆቹን በሁለት በቅሎ ጭኖ ከርብ ማዶ ወደ ክሊኒኩ መጣ። ወንድማማቾች ናቸው፤ ትልቁ ገና ጢሙን ማብቀሉ ነው። ሳወርዳቸው አራቱም እግር ተጠላልፎ አየሁ። ምን እንደበሉ ጠየቅሁ፤ አባትየው ነገረኝ። እኔም የማውቀውን ነገርሁት። እግራቸው እንደማይመለስ፣ ግን ጓያውን ቢያቆሙ እንደማይብስባቸው፣ ለታናናሾቻቸው እንዴት እንደሚቀላቀል። በጥሞና ሰማኝ።

"ይህን መቼ ነው ያወቃችሁት?" አለኝ።

ዓመቱን ነገርሁት።

በጣቱ ቆጠረ። ከዚያ በመስኮቱ ወደ መጣበት አቅጣጫ አየና "ከዚህ እኔ ቤት በእግር ስንት ሰዓት ነው?" አለኝ።

"አራት ሰዓት ያህል ቢሆን ነው።"

"አራት ሰዓት" አለ። ታናሹን ልጁን በጀርባው አዝሎ ወጣ፤ ትልቁን እኔ ደግፌ አወጣሁለት።